ብቻውን የሚያጭድ ሰው ፍለጋ ወደ ጎጆ

ይህን የምጽፈው አምቦን በጠርሙስ ብቻ ለምታውቁ ነው። ውሃዋን ጠጥታችሁ ታገሳላችሁ፣ «አምቦ እኮ!» ትላላችሁ፣ አለቀ። ከአምቦ መለስ ብሎ፣ ከጊንጪ ወደ ሰሜን የሚወጣው ኮረኮንች የት እንደሚያደርስ ጠይቃችሁ አታውቁም። አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ የአምቦ ልጅ ሆኜ፣ የእናቴ ወንድም የሚኖሩበትን የጎጆን አገር እስከዚያ ኅዳር ድረስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለቀብር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፊልም ለመማር ቡዳፔስት ከሄድኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ማስተርስ። ለመመረቅ አንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም መሥራት ግዴታ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ አስቀድሞ በጽሑፍ ቀርቦ ይጸድቃል። የእኔ የጸደቀው ይህ ነው፦ አንድ ገበሬ፣ አንድ ማጭድ፣ አንድ የገብስ ማሳ። ሰውየው ከመጀመሪያው የገብስ ጭብጥ እስከ መጨረሻው ብቻውን ያጭዳል፣ ቃል አይናገርም። መምህሬ ፀጥታ የምትወድ፣ ሁልጊዜ ጥቁር ሹራብ የምትለብስ ሴት ናት፤ ስታነበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ብቸኝነት!» አለች። ደስ አለኝ። ነገር ግን የጸደቀውን ፊልም ይዤ ካልተመለስኩ ዓመቱን መድገም አለ፤ ስኮላርሺፑ ደግሞ ለሚደግም ሰው አይከፍልም። ስለዚህ ያቺ ማሳ ዲግሪዬ ነበረች ማለት ነው።

አጎቴን ኦቦ ቶሎሳን ከመነሳቴ ከአሥር ቀን በፊት ደወልኩላቸው። «ኤሱማ፣ ገብሱን እስክመጣ እንዳይነኩት» አልኳቸው። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው። «ሥራዬ እዚያ ማሳ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ አምስት ቀን ይፈጅብኛል፤ ካላለቀልኝ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው።»

«ኢንተላኮ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ እያለሁ ትምህርትሽ አይቀርም።»

ምን ዓይነት አጎት ነው ያለኝ ብዬ ኮራሁ።

ቅዳሜ

ቦሌ በጠዋት ወርጄ ወደ አስኮ መናኸሪያ ሄድኩ። ካሜራው በጀርባዬ፣ መቆሚያው በረጅም ጥቁር ከረጢት። ረዳቱ ከረጢቱን ከላይ ልሰር አለ፣ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ከት/ቤት በውሰት የመጣ ዕቃ ነው፤ ቢሰበር ማን ሊመልስልኝ! ስለዚህ እስከ አምቦ ድረስ ከረጢቱ በሦስት ሰው ጭን ላይ ተጋድሞ ተጓዘ።

«የመጋረጃ ብረት ነው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

«የካሜራ መቆሚያ ነው፣ እማማ። ፊልም ነው የምማረው።»

«አይ እንግዲህ። መጋረጃ ቢሆን ይሻልሽ ነበር።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፣ ወሬውም ከዚያ ጀመረ። ቡዳፔስት ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ትራም ተመላልሻለሁ፤ ያናገረኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ጓንቴ ወድቆ። እዚህ ሆለታ ስንደርስ ዕድሜዬ ታውቋል፤ አዲስ ዓለም ስንደርስ ለምን እንዳላገባሁ ጉዳዩ ለውይይት ቀርቧል፤ ጊንጪ ላይ ሁለት ዕጩ ተገኝቷል፤ አንደኛው የሹፌሩ ወንድም ነው። አዲስ ዓለም ላይ መኪናው ቆም ሲል እማማ በመስኮት አይብ ገዙ። ሁለት እጄ መቆሚያውን ይዞ ስለነበር በራሳቸው እጅ አጎረሱኝ። «ብይ፣ አፈር ስሆን! ፈረንጅ አገር ከስተሽ መጥተሽ!» እኔ ደግሞ ስድስት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ግን ማን ይከራከራል፣ በላሁ።

አምቦ ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ መጀመሪያ ግንባሬን፣ ቀጥሎ የዓይኔን ሽፋን ገልጣ አየች፣ ከዚያ በኋላ ነው የሳመችኝ። «ደም አለሽ» አለች።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። የእኛ ቤት ጴንጤ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ሁሉም ሳህን ይዞ ነው የሚመጣው። እስከ አሥር ሰዓት ጨጨብሳ ሦስት ጊዜ በላሁ። ቡዳፔስት እንግዳ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ተቀጣጥሮ ነው፤ የሚሄድበትንም ሰዓት አስቀድሞ ይነግርሻል።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች እናቴ እኛ ብቻ ስንቀር። «ሁለት ዓመት ሙሉ የምትማሩት ፊልም ማየት ነው?»

«መሥራትም አለ፣ እማዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ። አጎትሽ መቼም እንዴት እንደሚጠብቅሽ! ጫልቱ ጠላ ጠምቃለች አሉ፣ በሁለት ጋን።»

አዴ ጫልቱ የአጎቴ ሚስት ናቸው። ሁለት ጋን ጠላ ለአንድ እኔ? ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ በሦስት ጨጨብሳ ማን ያስባል!

ሰኞ

ከአምቦ ወደ ጎጆ ለመሄድ እስከ ጊንጪ ተመልሶ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው። ጊንጪ ላይ ያገኘሁት አውቶቡስ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፣ አቧራውን ከነነፍሱ አጠጣን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለ፤ ክሪክ አለ፤ መፍቻ የለም። መፍቻው ቤት ተረስቷል። ሹፌሩ ይህን ሲናገር ምንም አላፈረም፣ እኛም አልተቆጣንም። ቡዳፔስት ትራም አራት ደቂቃ ሲዘገይ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። እኛ ወርደን ፀሐይ ላይ ተደረደርን። አንዲት ሴት ከዘንቢላቸው የተቀቀለ ድንች አውጥተው ለሁላችንም አደሉ፤ ሌላው ጨው፣ ሌላው ሚጥሚጣ አወጣ፤ መፍቻው በጭነት መኪና እስኪመጣ ምሳ በላን። የጎጆ ብርድ ፀሐይ ላይ ያቃጥልሻል፣ ጥላ ውስጥ ያንቀጠቅጥሻል፤ መሐል የለውም።

ጎጆ ከተማ ገብቼ አንድ ፀጉር ቤት ባትሪዎቼን ቻርጅ አደረግሁ። አጎቴ ፈረስ ይዘው እዚያው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ለፊልም የተፈጠረ ፊት። «በጋ ነጋን ዱፍቴ!»፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ሁለት ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። እኔን ሳይሆን ካሜራውን ፈረስ ላይ ጫኑት፤ እኔ በእግሬ ሄድኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ጉብታው ላይ ስንወጣ ማሳው ታየ። ወርቅ! ምንም አልተነካም። ጠዋት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ካሜራው የት እንደሚቆም እዚያው ወሰንኩ። ማታ አዴ ጫልቱ ጩኮ አቀረቡልኝ። የገብስ በሶ በቅቤ ተለውሶ ማለት ነው፤ እሱን የበላ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ብርድ አያውቅም። ቡሉኮ ደርበውልኝ ተኛሁ። ልብ በሉ፣ ደስተኛ ነበርኩ።

ማክሰኞ

የነቃሁት በዘፈን ነው።

ስወጣ ማሳው ውስጥ ሰው ፈልቷል። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ በመስመር ተደርድረው፣ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ፣ ማጭዳቸው ሽው ሽው ይላል። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሩቡ ተጠርጓል። አጎቴ ከመሐላቸው ፊታቸው ፈክቶ፣ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ደቦ ጠርተውልኛል! በእኔ ስም! «የእህቴ ልጅ ከባሕር ማዶ መጣች፣ ማሳው ላይ ከባድ ሥራ አለባት፣ ካላለቀ ትምህርቷ ይቀራል» ብለው አገሩን ሁሉ ሰብስበውልኛል።

«ኤሱማ! አቁሙ! አቁሙ በሏቸው!» ብዬ ሮጥኩ።

«አይዞሽ፣ ልጄ፣ ምግብ በቂ ነው!» አሉኝ።

የገባ ደቦ ማስቆም የሚወርድ ጎርፍ ማስቆም ነው። እኔ ስጮህ እነሱ የደስታ መሰላቸው፤ ዘፈኑን ከፍ አደረጉት፣ ስሜንም አስገቡበት። ለሊሴ፣ ለሊሴ ይላሉ። ካሜራውን እንኳ ከሣጥኑ አላወጣሁም። ከቀትር በፊት አምስት ቀን ይፈጃል ያልኩት ማሳ ነዶ ሆኖ ተጋደመ። እኔም መሐሉ ላይ ተቀመጥኩና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

«እዩዋት፣ ምስጋናዋ እንባ ሆነ!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ አቀፈችኝ፣ ሌላዋም ማልቀስ ጀመረች። ስንቴ ተናድጄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የምናደድበት ሰው አጥቼ አላውቅም። ሠላሳ ሰው ጀርባውን አጉብጦ ውሎልኛል። ምን ልበል? እጅ ነሥቼ ጠላ ቀዳሁላቸው።

ሰው ሲበተን ለአጎቴና ለአዴ ጫልቱ እውነቱን ነገርኳቸው። የፈለግሁት እርስዎ ብቻዎን ሲያጭዱ ማንሳት ነው፣ አሁን ማሳው የለም፣ ትምህርቴም አለቀለት አልኩ። አጎቴ ወደ ነዶው አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «መልሰን ብንተክለውስ?»

ቀልዳቸው መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ

ጎረቤታቸው ኦቦ ዳባ ያልታጨደ ማሳ አላቸው። ትናንት ከደቦው አንዱ ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ «የእኔን ቶሎሳ ይጨደው፣ እኔም አርፋለሁ» ብለው ለቀቁልን። ትንሽ ማታለል ነው፤ ግን ገብስ ገብስ ነው፣ ካሜራ የማን እንደሆነ አያውቅም።

አጎቴ ጀመሩ። ካሜራው ተከፈተ። ጉም ከስር፣ ፀሐይ ከጎን፣ አንድ ቀጭን ሰው በወርቅ መሐል። እምዬ፣ እንዴት ያምር ነበር! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ መንገደኛ በጋቸውን ዛፍ ላይ አስረው ገቡና፣ ሰላም ብለው፣ እጃቸውን ሰብስበው ማጨድ ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ይውጡ! ፊልም ላይ ነው!»

«ይህን ያህል ልያዝለትና እወጣለሁ» አሉ።

እሳቸው ሲወጡ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ጭነታቸውን አውርደው ገቡ። እነሱ ሲወጡ ቄሱ። ቄሱ! ጥምጣማቸውን አስተካክለው ማጭድ ተቀበሉ። በዚያ አገር ብቻውን የሚያጭድ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ቢያንስ ጥቂት ጭብጥ ታግዘዋለህ። በመጨረሻ መንገዱ ላይ ቆሜ ሰው መመለስ ጀመርኩ። «አይግቡ፣ እባክዎ፣ ብቻቸውን ነው የሚያጭዱት!» እያልኩ። ሰዎቹ እኔን ያያሉ፣ አጎቴን ያያሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። እስከ ማታ ሃያ ደቂቃ የሚሆን ንጹሕ ብቸኝነት ሰበሰብኩ። ቡዳፔስት ይህንን ያህል ብቸኝነት ከቤት ሳይወጡ ይገኛል።

አጎቴ ግን ማታ እራታቸውን አልበሉም። «ደክሞኝ ነው» አሉ።

ሐሙስ

በማግሥቱ ካሜራዬን ገና እንዳቆምኩ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ወደ ማሳው መጡ። ፊት የሚመሩት ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ በአካባቢው የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አጎቴም ማጭዳቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ካሜራውን ልዝጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ ለምን እንደተውኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቶሎሳ» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ማን አስቀየመህ?»

«ማንም።»

«ማንንስ አስቀየምክ?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ለምን ብቻህን ታጭዳለህ? ትናንት ሰው ሊያግዝህ ሲመጣ እየተባረረ ተመልሷል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ ደም ያለበት ነው፣ ወይ ከአገር የተለየ ነው። ማክሰኞ ሠላሳ ሰው ገብቶልህ፣ ረቡዕ ብቻህን! ጠላው አነሰ ብለው ነው ወይስ ምን ተባባላችሁ? ሚስቴ ሌሊቱን አልተኛችም።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለእኔ ያ ሃያ ደቂቃ ውበት ነበር። ለአገሩ ሰው ኦቦ ቶሎሳ ተጣልተው፣ ተገልለው፣ ሰው ጠልቷቸው ታይተዋል። ሰባ ዓመት የገነቡትን ስም በአንድ ቀን አፈር አስገባሁባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይህ እንደሚመጣ እያወቁ፣ ትምህርቴ እንዳይቀር ብለው፣ ዝም ብለው አጨዱልኝ። እራት ያልበሉት ለዚህ ነው። አፈርኩ። እውነት ለመናገር እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ሄጄ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተንበረከክሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊልሙን፣ መምህሬን፣ የጸደቀውን ወረቀት። ሽማግሌዎቹ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«እስቲ ልድገመው» አሉ ኦቦ ገመዳ። «እዚያ አገር ሰው ብቻውን ሲሆን ያምራል፣ ትላላችሁ?»

«ፊልም ላይ… አዎ።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ተራ በተራ ሳቅ ያዛቸው፤ አንደኛው ከዘራቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። አጎቴም ሳቁ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። እኔ አጎቴን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። የቀረው የኦቦ ዳባ ማሳ ነገ በደቦ ይታጨዳል፤ አጎቴ ከፊት ሆነው፣ አገር እያየ። እኔም አጭዳለሁ።

«ፊልምሽስ?» አሉኝ አጎቴ ወደ ቤት ስንመለስ። ድምፃቸው ውስጥ ሥጋት ነበር።

«ይቅር፣ ኤሱማ። ዓመት ልድገም።» አፌ እንጂ ሆዴ አላለውም።

ዓርብ

ካሜራውን ጉብታው ላይ አቁሜ ከፈትኩትና ማጭድ ይዤ ገባሁ። ትናንት ያሳቀው ወሬ አገሩን አዳርሶ ስለነበር ከማክሰኞው የበለጠ ሰው መጥቷል። ሳጭድ ያየኝ ሁሉ ሥራ አቆመ። አዴ ጫልቱ «ገብሱን እያጨድሽ ነው ወይስ እያበጠርሽው?» አሉኝ። ጣቴን ቆረጥኩ፤ ኦቦ ዳባ በጋቢያቸው ጫፍ አሰሩልኝ። ሰዎቹ ካሜራው ያለበትን ስላወቁ እየተሻሙ ፊቱ ቆሙ፤ አንዳንዱ ሰላም አለው፣ አንዱ ቡዳፔስት ላለችው መምህሬ ጤና ይስጥልኝ አለ። በትምህርት ቤታችን ሕግ ይህ ሁሉ የሚጣል ነው። ምንም አልጣልኩም።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ የመጨረሻዋን ጭብጥ ለእኔ ተዉልኝ። አጨድኳት። ሰው ሁሉ እልል አለ። የአጎቴ ፊት ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ ማታም ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

መመለሻው ምንም ጎማ ሳይፈነዳ አለቀ። አዴ ጫልቱ አራት ኪሎ የሚሆን ጩኮ በፌስታል አሲዘውኛል፤ ቦሌ ላይ ፈታሿ ከፍታ አሸተተችውና «የጎጆ ነው?» አለችኝ። የጊንጪ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ቀምሳ አሳለፈችኝ።

ቡዳፔስት ጉምና ዝናብ ተቀበለኝ። ፊልሙን እንዳለ አቀናበርኩት፦ ሃያ ደቂቃው ብቸኝነት ሦስት ደቂቃ ሆነ፤ ከዚያ መንገደኛው፣ ሴቶቹ፣ ቄሱ፣ የእኔ ጩኸት፣ ሽማግሌዎቹ፣ ደቦው። የግምገማው ቀን አምስት መምህራን ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀመጡ። እኔ ፊታቸው። መብራቱ ሲበራ መምህሬ የጸደቀውን ወረቀት አንስታ አነበበች፦ አንድ ገበሬ፣ አንድ ማጭድ፣ አንድ ማሳ።

«ብቻውን የሚያጭደው ሰውዬ የታለ?» አለች።

«ፈልጌ አጣሁት» አልኳት። 

ቀና ብላ አላየችኝም። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሽማግሌዎቹን እንደገና አሳዪን» አለች። ሁለተኛ ሲያዩት አንዱ መምህር መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። አለፍኩ።

ከዚያ ወጥቼ ትራም ውስጥ ሆኜ ለአጎቴ ደወልኩ። እልልታው ከስልኩ ወጥቶ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ስንት ሰው ነው የጠየቀሽ?» አሉ።

«አምስት፣ ኤሱማ።»

«በአንቺ በኩልስ ስንት ሆናችሁ ቀረባችሁ?»

«እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ እንዲያ ነው።»

እዚያ ያለውን እልልታ አስቆሙ።

«አምስት ሰው ፊት ብቻሽን!» አሉ። «ኢንተላኮ፣ ቀኑን ለምን አልነገርሽንም?»